የቅሬያችን ጡሩምባ ነፊ፣ የአቶ ዝናው ታረቀኝ ሕይወትና ትንፋሽ

አቶ ዝናው ታረቀኝ ይማም ከአባታቸው ከአቶ ታረቀኝ ይማምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስህን አሊ፣ በአምባሰል ወረዳ ከግሸን ግርጌ በምትገኝ መንደር፣ መስከረም 20 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ማግስቱ የግሸን ማርያም ንግሥ ስለነበር ግቢው በተሳላሚ ተሞልቶ፣ እናታቸው በእንግዳ መካከል አማጡ። ሕፃኑ ሲወለድ የለቀቀው ጩኸት ደጅ ያረፈውን መንገደኛ ሁሉ ከእንቅልፉ ስላነሣው፣ አባታቸው "ይኼስ ሳንባውን ይዞ መጣ" ብለው ሳቁ ይባላል። የሰውየው ነገር ሁሉ ከሳንባቸው ጋር የተያያዘ ስለሆነ እኛም ታሪኩን ከዚሁ ጀመርን።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲነበብ የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በቀብሩ ቀን ጻድቅ ያልሆነ ሟች የለም። አቶ ዝናው ሠላሳ ስምንት ዓመት በሰው ቀብር ላይ ቆመው ይህንን ሲሰሙ ኖረዋል። ባለፈው ጥር አልጋ ላይ ሆነው ቤተሰባቸውን ሰበሰቡና፣ "የእኔን ስታነቡ ሲጋራዬን እንዳትዘሉት። ከዘለላችሁት ተነሥቼ ራሴ አነበዋለሁ" አሉ። እሳቸው ካሉ አይቀርም፤ ስለዚህ አንዘልም።

ፊደል የቆጠሩት በአጥቢያቸው የኔታ ዘንድ ነው። ከዚያ ውጫሌ ወርደው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. ድርቁ የአባታቸውን በሬዎች ሲጨርስ ግን ትምህርቱ ቀረና ሐይቅ ከተማ አጎታቸው ዘንድ ገቡ። አጎታቸው ዓሣ አስጋሪ ስለነበሩ እሳቸውም ታንኳ መቅዘፍና መረብ መጣል ተማሩ። መረብ ከሥር ሲያዝ ሌላው ሰው ቆርጦት ይመለሳል፤ እሳቸው ልብሳቸውን ጥለው ይጠልቁና ቋጠሮውን ዳብሰው፣ ፈትተው ይወጣሉ። ታንኳው ላይ የቀረው ሰው "አለቀለት" ብሎ ግማሹ ሲያማትብ፣ ግማሹ "ኢና ሊላሂ" ሲል፣ በሌላ በኩል ብቅ ብለው ይስቁበት ነበር። እንዲህ ያለ ትንፋሽ ነበራቸው።

በከተማችን ክርስቲያኑም እስላሙም የሚቀባበረው፣ ሌላው አገር እድር በሚለው፣ በአንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው ጡሩምባ ነፊ ንጋት ላይ በሦስት ቦታ ይቆማል፤ ከሐይቁ ዳር፣ ከገበያው ራስና ከኮረብታው ላይ። በየቦታው ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይነፋል፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፤ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ብሎ ይዘጋል። ሦስቱም እያንዳንዳቸው ሳይቆራረጡ በአንድ ትንፋሽ መሄድ አለባቸው። የተቆራረጠ እንደሆነ የሟቹ ቤተሰብ ቅር ይለዋል፤ ጭራሽ ሳይነፋለት የተቀበረ ሰው ደግሞ፣ ሬሳው አፈር ቢለብስም ሐዘኑ አልወጣም ማለት ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የቅሬው ነፊ አቶ አራጋው አርጅተው ነበር፤ ሞቱ ደግሞ በዛ። አቶ አራጋው ከሐይቁ ሥር የሚወጣውን ጎልማሳ አስጠሩና ረጅሙን የቆርቆሮ ጡሩምባ አስረከቡት። ያን ዓመት አቶ ዝናው በአንድ ንጋት የአምስት ሰው ስም የጠሩበት ቀን አለ። አንድ ጊዜ፣ በሳምንት ውስጥ ሦስት ልጆቹን የቀበረ አባት የሚሰጣቸው ቢያጣ፣ ከኪሱ አንዲት ሲጋራ አውጥቶ "ሌላ የለኝም፣ ደረትህን ታሙቅልህ" ብሎ ሰጣቸው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ብለው እምቢ ይሉታል? በሕይወታቸው ያጨሷት የመጀመሪያ ሲጋራ ያቺ ናት። ዕድሜያቸው ሃያ ስድስት ነበር።

ነገሩን ሰው አየና ልማድ ሆነ። ሐዘን የገባው ቤት ሁሉ ለነፊው ሲጋራ መላክ ጀመረ፤ መጀመሪያ በፍሬ፣ ኑሮ ሲሻሻል በፓኬት። ደረት ያሞቃል፣ ጉሮሮ ይጠርጋል ተብሎ ታመነ። ሲጋራ አጠገቡ የማያስደርስ ዲያቆን እንኳን አባቱ የሞቱ ጊዜ ፓኬቱን በነጠላው ሸፍኖ አምጥቷል። የሚገዛውም ከጓደኛቸው ከአቶ አብዱልሃሚድ ሱቅ ነው። አቶ አብዱልሃሚድ የቅሬው ጸሐፊም ስለሆኑ በአንድ እጃቸው የሟቹን ስም ይመዘግባሉ፣ በሌላው ፓኬት ያወርዳሉ። ራሳቸው አንድም ቀን ወደ አፋቸው አስጠግተውት አያውቁም። ማንም ክፉ አላሰበም። ምስጋናችን ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰውዬውን በምስጋና ስናጨሳቸው ኖርን፤ ይህንን የምናነበውም አንገታችንን ደፍተን ነው።

በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተሾመች ጋር ትዳር መሥርተው በ1982 ባንቺአየሁን፣ በ1989 ሳምሪን ወለዱ። ወይዘሮ ተሾመች አምባሰል የሚባለውን የወሎ ቅኝት ሲያዜሙ ጎረቤት ሥራ ፈትቶ አጥር ላይ ይደገፍ ነበር። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሳል ያዛቸው፤ ዜማውን ከግማሽ ማለፍ እያቃታቸው መጣ፤ በኋላም ጭራሽ ተዉት። ሁላችንም በአንድ አፍ "የማጀት ጭስ ነው" አልን። አቶ ዝናው ሚስታቸውን ይወዱ ስለነበር ማጀቱን አፍርሰው እንደገና ሠሩ፤ መስኮት አወጡለት፤ በገዛ እጃቸው የጭስ ማውጫ ቱቦ አበጁለት። ቱቦውን ሲሠሩ ሲጋራቸው ከከንፈራቸው አልወረደም። ያን ጊዜ ይህ ለማናችንም አልታየንም።

በ2010 ዓ.ም. ለውጥ መጣ ተባለና አገሩ ሁሉ ስብሰባ ሆነ። በማግስቱ ዓመት በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ማጨስን የሚከለክል ሕግ ወጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነችው ባንቺአየሁ ሕጉን በቅሬው ድንኳን ውስጥ በተጠራ ስብሰባ ላይ እንድታስረዳ ተላከች። ቆማ "ድንኳን ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ጭሱ ለማያጨሰውም ይተርፋል" ስትል፣ አባቷ ከኋላ ተቀምጠው ጭሱን ቡልቅ ያደርጉት ነበር። አንዱ "ኧረ ልጄ፣ ከቤትሽ ጀምሪ!" ቢል ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። አቶ ዝናው አልሳቁም። ልጃቸው ስታፍር አይተው ሲጋራውን ረግጠው ወጡ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ድንኳን ውስጥ አጭሰው አያውቁም። ሰው ሁሉ "ጨዋ ሰው" ብሎ አመሰገናቸው። ምን ዋጋ አለው፤ የድንኳኑን ሲጋራ ይዘው ቤት ገቡ። ሲበርድ መስኮቱ ይዘጋል፤ ወይዘሮ ተሾመችም ባላቸውን "ደጅ ውጣ" የሚሉበት አንደበት አልነበራቸውም። ባንቺአየሁ ለከተማው ሁሉ ያስተማረችውን ለአባቷ ሁለት ጊዜ ተናግራ ሲቆጧት ተወች። ይህንንም ጻፉት ያለችን ራሷ ናት።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ደረሰ። ሕዝቡ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ ጎረፈ። ባንቺአየሁ ልጆቿን አዝላና ጎትታ ወጣች። ወይዘሮ ተሾመች ግን ከግቢው በር እስከ ዋናው መንገድ ሦስት ጊዜ አርፈው፣ በሦስተኛው "እኔ አልችልም፤ አንተ ሂድ" አሉ። አቶ ዝናው "ያላንቺ የት ነው የምሄደው?" ብለው ጓዛቸውን አራግፈው አብረዋቸው ተመለሱ። መድኃኒት የሚገዛበት ቦታ አልነበረም። ደጅ መውጣት ስለሚያስፈራ አቶ ዝናው ጭንቀታቸውን የሚያበርዱት እዚያው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው በማጨስ ነበር። ወይዘሮ ተሾመች ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በባለቤታቸው ክንድ ላይ አረፉ።

በነዚያ ሳምንታት የጡሩምባ ድምፅ የክተት ጥሪ ይመስላል ተብሎ ስለተፈራ፣ ጡሩምባው ጭድ ውስጥ ተደብቆ ነበር። አራት ጎረቤትና አንድ ካህን ሆነው በዝምታ ቀበሯቸው። ለከተማው ሁሉ የነፉ ሰው ለገዛ ሚስታቸው ሳይነፉ ቀሩ።

ከተማው ተረጋግቶ ሰው ሲመለስ ቅሬው ተሰበሰበ። በዝምታ የተቀበሩት ዘጠኝ ነበሩ፣ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም። ታኅሣሥ 17 ቀን ንጋት ላይ የሁሉም ስም በአንድነት ኮረብታው ላይ ብቻ እንዲነፋ ተወሰነ። ስምንቱ ቤቶች እንደ ልማዳቸው ስምንት ፓኬት አመጡ፤ ዘጠነኛው ሐዘንተኛ ነፊው ራሳቸው ናቸው። በይሉኝታ የሰውን ሁሉ አስቀድመው የተሾመችን መጨረሻ አደረጉ። ደረታቸውን ለማሞቅ ሁለት ሲጋራ አከታትለው አጨሱና ኮረብታው ላይ ቆሙ። እስከ አምስተኛው ደህና ነበር። ስድስተኛው ተቆራረጠ፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው የጣር ያህል ወጡ። ዘጠነኛው ላይ ጡሩምባው ባዶ አየር ብቻ ተፋ። ደግመው ሞከሩ፤ ሳል ይዟቸው በጉልበታቸው ወደቁ፤ ስሟን እንኳን መጥራት አቃታቸው። አቶ አብዱልሃሚድ እጃቸውን በአፋቸው ከበው፣ ያለ ጡሩምባ፣ "ተሾመች አርፋለች! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ብለው ጮኹ። አቶ ዝናው መሬቱን በጡጫ እየመቱ እንደ ልጅ አለቀሱ። ያየነውን ነው የምንጽፈው።

በሳምንቱ ባንቺአየሁ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። የሐኪም ቤቱ መሣሪያ ተዘርፎ ስለነበር ዶክተር ሂንድ የምትባል ወጣት ሐኪም ክብሪት ጫረችና ከፊታቸው አንድ ስንዝር አርቃ ያዘች። "አባባ፣ ከንፈርዎን ሳያሾሉ፣ አፍዎን ከፍተው ያጥፉልኝ" አለቻቸው። የሐይቅን ከተማ የሚቀሰቅሱ ሰው የክብሪት እሳት ማጥፋት አቃታቸው። እንጨቱ ነድዶ ጣቷ ዘንድ ደረሰ። ሐኪሟም ነገሩን ሳታድበሰብስ አስረዳቻቸው፦ የሲጋራው ጭስ የአየር ቧንቧቸውን አጥብቦታል፤ የሳንባቸውን ትናንሽ የአየር ከረጢቶች አፍርሷቸዋል፤ የፈረሰው አይመለስም፤ ዛሬ ቢያቆሙ ግን የቀረው ይተርፋል። ደረት ያሞቃል የሚባለው ውሸት ነው። ትንሽ ቆይታም "ቤት ውስጥ አብሮዎት የሚያስል ሰው ነበር?" ብላ ጠየቀች።

አቶ ዝናውም፣ "ሚስቴ። ግን እሷ አታጨስም። የማጀት ጭስ ነው" አሉ። ዶክተር ሂንድም የማጀቱም ጭስ እንደሚጎዳ፣ ነገር ግን በተዘጋ ቤት ከሚያጨስ ሰው ጋር የሚኖርም አብሮ እንደሚያጨስ ነገረቻቸው። የስንቱ ጥፋት ስንት እንደሆነ ማንም አይለየውም አለች፤ አልዋሸቻቸውም። ቤት ሲደርሱ ለባንቺአየሁ "ጭሱን በቱቦ አስወጣሁላትና በአፌ መለስኩባት" አሏት።

ያኔ አንድ ነገር ወሰኑ። የተሾመች ሙት ዓመት ሳይደርስ ሲጋራ ይተዋሉ፤ በዚያም ቀን ሳይቆራረጥ ይነፉላታል። ከስምንቱ ፓኬት ሁለቱ አልቀው ስለነበር የቀሩትን ስድስቱን በየቤቱ እየዞሩ መለሱ። "አታስቀይመኝ፤ ከእንግዲህ ሰው ሲሞትብህ ቆሎ ላክልኝ" ይሉ ነበር።

ቀላል አልነበረም። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጡ፣ ድመቷን ሳይቀር ተቆጡ። በአራተኛው ቀን አቶ አብዱልሃሚድ ሱቅ ሄደው "አንዲት ፍሬ ብቻ" ብለው ለመኑ። አቶ አብዱልሃሚድ ቆሎ ዘግነው አቀበሏቸውና፣ "ወላሂ ለአንተ ሲጋራ የሚሸጥ እጅ የለኝም። አብሽር፣ ያልፋል፤ ይቺን ቆርጥም" አሉ። አቶ ዝናው በንዴት ቆሎውን መሬት ላይ በትነው "ሠላሳ ምናምን ዓመት የሸጥክልኝ አንተ አይደለህም እንዴ!" ብለው ጮኹባቸው። በማግስቱ መደርደሪያው ላይ ሲጋራ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የለም።

ሁለት ወር ሊሞላቸው ሲል ወደቁ። አዲሱን ልማድ ያልሰማ የውጫሌ ሰው፣ እናቱን ሐይቅ ሲቀብር፣ ፓኬት እጃቸው ላይ አኖረ። "ለነፋሁበት ቀን አንዲት ብቻ" አሉ። አንዲቷ በአምስት ቀን ውስጥ ግማሽ ፓኬት ሆነች። ከዚያ አንድ ጠዋት ቤት ውስጥ ለብቻቸው ሲያስሉ ሳሉ ድንገት ዝም ብለው አዳመጡ፤ የተሾመችን ሳል መስሏቸው ነበር። የቀረውን ፓኬት ይዘው ባንቺአየሁ ቤት ሄዱና፣ ማንም ሳይደርስባቸው፣ "ጀምሬያለሁ፤ እርጂኝ" አሏት። ኩራተኛ ሰው ስለነበሩ ይህ ቃል ከጡሩምባው ሁሉ ከብዷቸዋል። ያ ቀን የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ዶክተር ሂንድም በስልክ "ብዙ ሰው አንድ ሁለቴ ወድቆ ነው የሚያቆመው፤ አይፈሩ" ብላ አበረታታቻቸው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከሐይቁ ዳር ይለማመዱ ጀመር። መጀመሪያ እፍኝ የማትሞላ ድምፅ ነበረች፤ አስጋሪዎቹ "ጋሼ ዝናው፣ ዳክዬዎቹን አባረሩብን" እያሉ ያሾፉባቸዋል። በሰኔ ሳላቸው ቀለል አለ፣ የምግብ ጣዕም ተመለሰላቸው። በነሐሴ አንዱን ሙሉ ነፉ። ድሮ ከተማውን ሁሉ ያዳርሱበት የነበረው ትንፋሽ ግን አልተመለሰም፤ ያላቸውን ቆጥበው መጠቀም ነበረባቸው።

ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የሰላም ስምምነቱ በተፈረመ በሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ የወይዘሮ ተሾመች ሙት ዓመት ሆነ። ንጋት ላይ ከሐይቁ ዳር ነፉ፤ ከገበያው ራስም ነፉ። ወደ ኮረብታው ሲወጡ አራት ጊዜ አረፉ። ዱባይ የምትሠራው ሳምሪ በእናቷ ቀብር ስላልነበረች፣ ባንቺአየሁ ስልኩን ከፍታ ወደ ጡሩምባው አስጠጋችላት። አንደኛው ሳይቆራረጥ ሄደ። ሁለተኛውም። ለሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው አየር ሳቡና ነፉት፤ ረዘመ፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ ሲመልሰው እንኳን እሳቸው ገና አልጨረሱም ነበር። ከዚያ "ተሾመች ዓምና በዛሬው ቀን አርፋለች! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" አሉ። ከስልኩ ውስጥ የሳምሪ ልቅሶ ተሰማ። ሐዘናችን ያን ጊዜ ወጣልን።

ከዚያ ወዲህ በየቀብሩ፣ ድንኳኑ ሲረጋጋ፣ ተነሥተው የሚስታቸውን ሳል ይናገሩ ነበር። በእሳቸው ምክንያት ስንት ሰው እንዳቆመ አናውቅም። አንዳንዱ አቁሞ ጀምሯል፣ እንደገናም አቁሟል። አንዳንዱ ዛሬም ያጨሳል፣ እዚሁ መካከላችን አለ፤ ቢያንስ ደጅ ወጥቶ ነው።

የፈረሰው ሳንባ ግን አይመለስምና ሰኔ 2015 ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ነፉ። ጡሩምባውን ለባንቺአየሁ ሲያስረክቡ አንዳንድ ሽማግሌ "ሴት?" ብሎ አጉረመረመ። አቶ አብዱልሃሚድ "ጡሩምባው የሚያውቀው ትንፋሽ ነው" ብለው ነገሩን ዘጉት። አቶ ዝናው ከጥር ወር ጀምሮ ከአልጋ ሳይነሡ በኦክስጅን ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው አርፈዋል። ሲጋራ ከተዉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው አምስት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

አቶ ዝናው ባንቺአየሁንና ሳምሪን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድም የሆኗቸውን አቶ አብዱልሃሚድንና መላ ቅሬውን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ንጋት ላይ ጡሩምባውን የሰማችሁ ሁሉ እንደምታውቁት የነፋችው ልጃቸው ናት። በሦስቱም ቦታ፣ ሦስቱንም፣ እያለቀሰች ሳታቆራርጥ ነፋችላቸው። ስትመለስ የግቢው በር ላይ በነጠላ ጫፍም፣ በሽርጥም፣ በፌስታልም የተቋጠረ ቆሎ ተደርድሮ አገኘች። ሐዘንተኛ ለነፊ ይሰጥ ነበር እንጂ፣ ሐዘንተኛዋ ራሷ ነፊ ስትሆን ምን እንደሚደረግ ልማድ አልነበረንም፤ ሰው ያሰበውን አመጣ። ሲጋራ ያመጣ አንድም ሰው አልነበረም።

ሰውን ከአፈር አበጅቶ እፍ ብሎ ያነቃ አምላክ፣ የአባታችንን ነፍስ ሳል በሌለበት፣ ጭስ በማይደርስበት ቦታ ያሳርፍልን፤ አምባሰሏን እስከ መጨረሻው ከምታዜመው ከተሾመች አጠገብ ያስቀምጥልን። አሜን።

የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ።